«ትሬን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡና አጠቃቀሙ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ስለዚህ እዚህ «ትሬን» ሲባል የሁሉም ሰው ሐሳብ ወደ ለገሃር ይሄዳል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ያው ቃል በሥልጠና ደብዳቤ፣ በጋራዥ መመሪያ፣ በሠርግ ልብስ ማስታወቂያ ወይም ስለ ሐረር በተጻፈ የጥንት ጽሑፍ ውስጥ ሲገኝ ነው። ተማሪዎች፣ አስጎብኚዎችና ተርጓሚዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ አቅርበናል።

«ትሬን» ማለት ባቡር ማለት አይደለም እንዴ?

ነው፤ ግን ባቡር ከትርጉሞቹ አንዱ ብቻ ነው፣ ያውም ዘግይቶ የመጣ። ቃሉ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ለባቡር መጠሪያ የሆነው በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። በመካከሉ ባሉት ከ400 በላይ ዓመታት መሬት ለመሬት የሚጎተት የልብስ ጫፍ፣ የመኳንንት አጃቢ፣ ተከታትሎ የሚሄድ ሰልፍ፣ የተያያዘ ሐሳብ ማለት ነበር፤ «አሠለጠነ» የሚለው ትርጉምም የመጣው ከባቡሩ በፊት ነው።

ሁሉንም የሚያስተሳስረው አንድ ነገር አለ፦ መጎተት። ከኋላ የሚጎተት ነገር፣ ተጎትቶ የሚከተል ረድፍ፣ ተስቦ ቅርጽ የያዘ ነገር። ብዙ መዝገበ ቃላት «ባቡር፤ አሠለጠነ» ብለው ሁለቱን ያለ ምንም ድልድይ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ይህ አቀማመጥ ተማሪውን ይጎዳል ብለን እናምናለን፤ በቃሉ ውስጥ ያለውን መጎተት ያየ ሰው ሌሎቹን ትርጉሞች ራሱ ሊደርስባቸው ይችላል።

ቃሉ ከየት መጣ?

መነሻው «ትራሄሬ» የሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ መጎተት፣ መሳብ ማለት ነው። በሕዝቡ አነጋገር እየተለወጠ ወደ ጥንታዊ ፈረንሳይኛ ገባ፣ ከፈረንሳይኛ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቀሚስ ጅራትና የአጃቢ ሰልፍ ማለት ሆኖ እናገኘዋለን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን «አስተማረ፣ አሠለጠነ» የሚል ትርጉም ያዘ።

ባቡሩን በተመለከተ፣ በእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች አካባቢ ተያይዘው በሐዲድ የሚጎተቱ ጋሪዎች ነበሩ። ረድፉ «ትሬን ኦፍ ዋገንስ» ተባለ፤ «የተከታተሉ ፉርጎዎች» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 1825 ከስቶክተን እስከ ዳርሊንግተን የተዘረጋው መስመር በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ተጓዦችን ይዞ ሲከፈት አጠራሩ ገና እንዲህ ረጅም ነበር። ከዚያ በኋላ «ኦፍ ዋገንስ» የሚለው እየቀረ ሄዶ «ትሬን» ብቻውን ቀረ።

ሎኮሞቲቩ ራሱ «ትሬን» አይባልም?

አይባልም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአማርኛ ጎታቹንም ተጎታቹንም ባቡር እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን ጎታቹ ብቻውን ሲቆም «ሎኮሞቲቭ» ወይም «ኤንጂን» ነው። «ትሬን» የሚሆነው ፉርጎዎቹ ተቀጥለውለት አንድ ረድፍ ሲሆን ነው። 20 ፉርጎ የሚጎትት ባቡር «ዋን ትሬን» ነው እንጂ «ትዌንቲ ትሬንስ» አይደለም።

ፉርጎ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር በሚጭነው ነገር ይለያያል። ዕቃ የሚጭን ከሆነ በብሪታንያ አጠራር «ዋገን»፣ በአሜሪካ «ፍሬይት ካር» ይባላል። ሰው የሚጭን ከሆነ በብሪታንያ «ካሬጅ» ወይም «ኮች»፣ በአሜሪካ «ፓሰንጀር ካር» ነው። ሐዲድን ስትተረጉሙ «ሬይል» አንዱ ብረት መሆኑን፣ «ትራክ» ደግሞ ሁለቱ ብረቶች ከነተሸካሚዎቻቸው መሆናቸውን ለዩ። አሮጌው የድሬዳዋ መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት ያለው ስለነበር በእንግሊዝኛ «ሚተር ጌጅ» ይባላል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው «ስታንዳርድ ጌጅ» ነው። የአንዱ ሎኮሞቲቭ በሌላው ሐዲድ ላይ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ስለ ድሬዳዋ ባቡር በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ከሆነ የትኛውን መስመር እንደሆነ ግለጹ።

«ባቡር» የሚለው የእኛ ቃል ከ«ትሬን» ጋር ይዛመዳል?

አይዛመድም። ባቡር የመጣው እንፋሎት ማለት ከሆነው ከጣልያንኛው «ቫፖሬ» ነው፤ በአረብኛም «ባቡር» እና «ዋቡር» እየተባለ ለእንፋሎት መርከብና ለሞተር ያገለግላል። እንግሊዞች ስሙን ያወጡት ረድፉን አይተው ነው፣ በእኛ በኩል የመጣው ስም ግን ኃይሉን ያየ ነው። ለዚህ ነው አማርኛ «ባቡር»ን ሐዲድ ለማያውቁ ነገሮችም የሰጠው። በገጠር በሞተር የሚሠራ የእህል ወፍጮ ባቡር ይባላል። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫም «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ቀርቷል። እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ «ትሬን» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው። ወፍጮው «ሚል»፣ የሰርኪሱም «ስቲም ሮለር» ነው።

ድሬዳዋ ላይ ጎረቤት ለጎረቤት ቃሉ ይለያያል። በአፋን ኦሮሞ ከአማርኛው ጋር አንድ የሆነው «ባቡራ» ነው፤ በሶማሊኛ ግን «ታሬን» ይባላል፣ ይህም የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ ነው። ከፈረንሳዮች ደግሞ የባቡር ጣቢያ ማለት የሆነው «ለገሃር»፣ «ፉርጎ» እና የቀድሞ ሠራተኞች የሚሉት «ሽመንደፈር» (የብረት መንገድ ማለት ነው) ቀርተውልናል። «ሐዲድ» ከአረብኛ የመጣ ነው፤ ብረት ማለት ነው።

ስለ ሐረር በተጻፉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ውስጥ «ትሬን» አለ። ያኔ ባቡር ነበር እንዴ?

አልነበረም። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ነው፤ ሐረርም አልወጣም። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ የመጀመሪያው ዕቅድ በሐረር በኩል ለማለፍ ነበር። ነገር ግን ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ በአጭር ርቀት ወደ 1,850 ሜትር ገደማ መውጣት ለባቡር ከባድና ውድ ስለነበር መስመሩ በቆላው በኩል እንዲቀጥል ተወሰነ። ከተራራው ግርጌ የተቆረቆረችው ከተማ መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» መባሏም ከዚሁ የተነሣ ነው።

በዚያ ዘመን ጽሑፍ ውስጥ የምታገኙት «ካሜል ትሬን» የግመል ቅፍለት ነው። ከዘይላ ተነሥቶ በጀልዴሳ በኩል ሐረር የሚገባው የሲራራ ነጋዴ፣ ግመል በግመል ኋላ ተቀጣጥሎ የሚሄደው ጓዝ ማለት ነው። «ሚዩል ትሬን» ሲል የጭነት በቅሎዎች ረድፍ ነው። የጦር ታሪክ ውስጥ «ባጌጅ ትሬን» ወይም ባጭሩ «ዘ ትሬን» ካለ ከሠራዊቱ ኋላ የሚከተለው ስንቅና ጓዝ ነው። ስለ አንድ ራስ ወይም ደጃዝማች ሲናገር «ሂዝ ትሬን» ካለ አጃቢዎቹና ተከታዮቹ ናቸው። አስጎብኚዎች ለጎብኚ ሲያስረዱ ይህንን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል፤ «ነጋድራስ» የሚለውን ማዕረግ «የካሜል ትሬን መሪ» ብሎ መጀመር ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ወዲያው ይገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ማዕረጉ ወደ ጉምሩክና ንግድ ሹመት ማደጉን መጨመር ይቻላል።

የቀን መለያ መንገዱ ቀላል ነው። ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረው ጽሑፍ ከ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት የተጻፈ ከሆነ «ትሬን» ባቡር ሊሆን አይችልም። በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ከ1895 ዓ.ም.፣ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከ1909 ዓ.ም. ወዲህ ከሆነ ሁለቱም ሊሆን ስለሚችል ከዐረፍተ ነገሩ ተረዱ።

ባቡርና ሥልጠና እንዴት በአንድ ቃል ይጠራሉ?

ድልድዩ አትክልት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ «ቱ ትሬን ኤ ቫይን» ማለት የወይን ሐረግን ስቦ በተፈለገው አቅጣጫ እንዲያድግ ማድረግ ማለት ነበር፤ ዛሬም ይባላል። ይህ ትርጉም ከሐረግ ወደ ፈረስ፣ ወደ ውሻ፣ ወደ ልጅ፣ ወደ ወታደር ተሻገረ። ገና በለጋነቱ ያለን ነገር ቀስ እያሉ ስቦ ቅርጽ ማስያዝ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ይህንን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በየግቢው በር ላይ እንደ ቅስት የቆመው ቦገንቪሊያ «ትሬንድ» ተክል ነው። አሠራሩ የቃሉን ትርጉም ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል። የሚታጠፈው ገና አረንጓዴ የሆነ፣ ከእርሳስ ያልወፈረ ቅርንጫፍ ነው፤ ቡናማ ሆኖ የደረቀውን ብታጥፉት ይሰበራል። በጨርቅ ቅዳጅ፣ እንደ 8 ቁጥር ተጣምሮ፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትታችሁ ከብረቱ ጋር ታስሩታላችሁ። በየ30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ማሰሪያ ይበቃል። በሽቦ ካሰራችሁ ግንዱ ሲወፍር ሽቦው ልጡን ይቆርጠውና ከዚያ በላይ ያለው ይደርቃል። በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፤ ትንሽ ሳብ አድርጎ ማሰር፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ መጨመር ነው። ከወር ከሁለት ወር ማሰሪያዎቹን ፈትቶ ማላላት ያስፈልጋል። «ትሬኒንግ» የሚለው ቃል ጊዜን፣ ድግግሞሽንና ለጋነትን የሚያመለክተው ከዚህ የተነሣ ነው፤ አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚያበቃ ትምህርት እንግሊዝኛው «ብሪፊንግ» ወይም «ቶክ» ይለዋል።

የአማርኛው «ሠለጠነ» ከሌላ ቦታ ይነሣል፤ «ሥልጣን» ከሚለው ጋር ዘመድ ነው። በአማርኛ የሠለጠነ ሰው በሥራው ላይ ሥልጣን ያገኘ፣ የተካነ ነው። ስለዚህ «ትሬንድ» የሚለውን ሁልጊዜ «የሠለጠነ» ብላችሁ አትተርጉሙ። «ኤ ትሬንድ ዶግ» የተገራ ውሻ ነው፤ «ኤ ትሬንድ ቫይን» ተስቦ ያደገ ሐረግ ነው፤ «ኤ ትሬንድ አይ» ደግሞ ልምድ ያለው ዓይን። «የሠለጠነ አገር» ግን በእንግሊዝኛ «ትሬንድ ካንትሪ» አይሆንም፤ ያ ሌላ ቃል ይፈልጋል።

«አይ ቱክ ኤ ትሬኒንግ» ማለት ትክክል ነው?

በቢሮዎቻችንና በሥራ ማመልከቻዎች ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ መደበኛ እንግሊዝኛ ግን አይደለም። «ትሬኒንግ» እንደ ውኃና እንደ እውቀት የማይቆጠር ስም ነው። ስለዚህ «ኤ ትሬኒንግ» እና «ትሬኒንግስ» አይባልም። መቁጠር ካስፈለገ የሚቆጠረውን ስም ጨምሩበት፦ «ኤ ትሬኒንግ ኮርስ»፣ «ቱ ትሬኒንግ ሰሽንስ»። ቀኑን ስትገልጹ «ኤ ፋይቭ ዴይ ትሬኒንግ ኮርስ» ነው፤ «ዴይስ» አይሆንም። ግሡም «ቱክ» ከሚሆን «አይ ዲድ» ወይም «አይ አተንድድ» ቢሆን ይሻላል።

ከግሡ ጋር የሚሄዱት መስተዋድዶች ትርጉም ይለውጣሉ። ሙያው ከሆነ «ትሬን አዝ»፣ የትምህርቱ ዘርፍ ከሆነ «ትሬን ኢን»፣ የሚዘጋጁለት ነገር ከሆነ «ትሬን ፎር»፣ የሚለማመዱበት መሣሪያ ከሆነ «ትሬን ኦን»። «ሺ ትሬንድ አዝ ኤ ነርስ» ማለት ነርስ ለመሆን ሠለጠነች ማለት ነው፤ «እንደ ነርስ ሆና አሠለጠነች» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፣ ፍጹም የተገላቢጦሽ ነው። ግሡ ተሳቢ ከሌለው ራሷ ሠለጠነች፣ ተሳቢ ካለው ሌላ ሰው አሠለጠነች ማለት ነው፦ «ሺ ትሬንድ ነርስስ»።

«ትሬነር» እና «ትሬኒ» እንዴት ይለያሉ?

«ትሬነር» አሠልጣኝ፣ «ትሬኒ» ሠልጣኝ ነው። በመጨረሻ ረገጥ ተደርጎ የሚነበበው «ኢ» ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ሰው ያሳያል፤ «ኤምፕሎየር» ቀጣሪ፣ «ኤምፕሎዪ» ተቀጣሪ እንደሚሆነው። ሲነገር «ትሬኒ»ን የመጨረሻው ክፍል ላይ ካላከበዳችሁት ከ«ትሬኒንግ» ጋር ይምታታል። የአበል መክፈያ ዝርዝር ላይ ሁለቱ ሲቀያየሩ ክፍያው ይዛባል፤ ፊርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት የአምዱን ርዕስ እዩት። በብሪታንያ «ትሬነርስ» የስፖርት ጫማ ነው፤ አሜሪካኖች «ስኒከርስ» ይሉታል፤ ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ላይም «ስኒከር» ብትሉ ትግባባላችሁ።

አነባበቡስ?

በእንግሊዝኛ አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ነው። ሁለት ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው «ት» እና «ር» መካከል አናባቢ መጨመር ነው፤ «ተሬይን» ካላችሁ አድማጩ «ቴሬይን»፣ የመሬት አቀማመጥ፣ ሊሰማ ይችላል። ሁለቱን ድምፆች አጣብቋቸው፤ እንግሊዞች ሲሉት «ት» ወደ «ች» ይጠጋል፣ «ችሬይን» ለማለት ሞክሩና ትቀርባላችሁ። ሁለተኛው አናባቢውን ማሳጠር ነው። «ኤ» ብሎ ጀምሮ ወደ «ይ» መንሸራተት አለበት። ፈረንሳይኛ የተማረ ሰው ደግሞ በአፍንጫ «ትራ» ይለዋል፤ አጻጻፉ ስለሚመሳሰል ይታለላል።

ሌሎች ትርጉሞቹ የትኞቹ ናቸው?

የቬሎው መሬት ለመሬት የሚጎተት ጫፍ «ትሬን» ነው። «ትሬን ኦፍ ሶውት» የሐሳብ ተያያዥነት ነው፤ «አይ ሎስት ማይ ትሬን ኦፍ ሶውት» ሐሳቤ ተቋረጠብኝ። ጋራዥ ውስጥ «ጊር ትሬን» እርስ በርስ እየተነካከሱ የሚዞሩ ጥርሶች ሰንሰለት ነው፤ «ድራይቭ ትሬን» ከሞተሩ እስከ ጎማው ኃይል የሚያስተላልፉት ክፍሎች ናቸው። «ቱ ትሬን ኤ ካሜራ ኦን» ካሜራ ማነጣጠር ነው። «ኢን ትሬን» በሒደት ላይ ማለት ነው። በኮምፒውተር ዘርፍ ደግሞ አንድን ሞዴል በብዙ መረጃ ማለማመድ «ትሬን» ይባላል።

በአማርኛ ውስጥ ዘመዶች አሉት?

አሉት፣ በየቀኑም እንጠቀምባቸዋለን። ከዚያው ከላቲኑ «መጎተት» የወጡት «ትራክተር» እና «ኮንትራት» ናቸው። ኮንትራት ሥሩ «አብሮ መሳብ» ነው፤ ሁለት ወገን የሚያጠብቀው ስምምነት። ባጃጅ «ኮንትራት ነው ወይስ በሰው?» ሲባል የ«ትሬን» የሩቅ ዘመድ ተጠራ ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ትሬይለር» ከዚሁ ቤተሰብ ሳይሆን አይቀርም፤ የጭነት መኪና ሹፌሮች «ተሳቢ» ብለው የተረጎሙት በትክክል ነው።

የሚያሳስቱም አሉ። «ድሬይን»፣ «ስትሬይን»፣ «ቴሬይን» እና «ትራም» በድምፅ ይቀራረባሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። በድሮ የንግድ ሰነድ «ትሬን ኦይል» ብታገኙ የባቡር ዘይት አይደለም፤ የዓሣ ነባሪ ዘይት ነው፣ ቃሉም ጠብታ ማለት ከሆነው ከደችኛ የመጣ ሌላ ቃል ነው።

ቲኬት ስቆርጥና ሰዓት ስጠይቅ ምን ልበል?

በባቡር መሄድ «ባይ ትሬን» ነው፤ «ዊዝ ትሬን» አይባልም። ተሳፍራችሁ ከሆነ «ኦን ዘ ትሬን»። መሳፈር «ጌት ኦን»፣ መውረድ «ጌት ኦፍ»፣ ማምለጥ «ሚስ» ነው። «ዘ ትሬን ኢስኬፕድ ሚ» ከአማርኛ በቀጥታ የተገለበጠ ነው፤ «አይ ሚስድ ዘ ትሬን» በሉ።

ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፈ ቲኬት ከ7:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ቀንሱ፤ 13:30 ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ከ19:00 በላይ ከሆነ 18 ቀንሱ፤ 20:00 ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከ1:00 እስከ 6:59 ከሆነ 6 ጨምሩ። ሰው የሚያመልጠው በተለይ በሌሊቱ ነው። «ማክሰኞ 4:00» የሚለው ቲኬት በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ማክሰኞ ማታ ጣቢያ የሄደ ሰው ባቡሩ ከሄደ ቆይቷል፣ ስለዚህ ቲኬት ስትቆርጡ «ለሌሊቱ የትኛው ቀን ነው?» ብላችሁ በአማርኛም ደግማችሁ አረጋግጡ።